ሲስተር ባየሽ የሰፋችው ከንፈር

ሲስተር ባየሽ ጊንጪ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ስታዋልድ የኖረች ሴት ናት። በገበያ ቀን ከመናኸሪያው እስከ እህል ተራ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል፤ ሰላምታው አያሳልፋትም። "አዴ ባየሽ፣ አከም ጅርቱ?" ይላታል ያገኛት ሁሉ። የልጆቹን ስም ሁሉ አትይዝም፤ አወላለዳቸውን ግን አትረሳም። ጎረምሳው ጆንያ ተሸክሞ ሲያልፍ "ይሄ በእግሩ የመጣው ነው" ትላለች በሆዷ። የራሷ ልጅ ግን አንዲት ብቻ ናት፤ ለንሳ።

ባሏ ጂራ ባኮ የእርሻ ምርምር ማዕከል ውስጥ በቆሎ ላይ የሚሠራ ቴክኒሺያን ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ በአውቶቡስ ይመጣል፣ እሑድ ይመለሳል። ስለዚህ ለንሳን በአብዛኛው ያሳደገቻት ባየሽ ናት፤ ያሳደገቻትም ዶክተር ትሆናለች ብላ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ተመካክረው አያውቁም። ለንሳ ጎበዝ ተማሪ ነበረች፣ እናቷ ነርስ ናት፣ ሌላ ምን ትሆናለች?

በ2007 ዓ.ም. ለንሳ አሥራ አራት ዓመቷ ሳለ፣ ከጀርመን አገር ካለች አንዲት ማኅበረ ምእመናን ለጊንጪ ቤተ ክርስቲያናቸው አንድ ትልቅ ሣጥን የሙዚቃ መሣሪያ በስጦታ መጣ። የመዘምራኑ መሪ ኦቦ ጋዲሳ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነበር። ሣጥኑ ሲከፈት ወንዶቹ በመለከቶቹ ላይ ተረባረቡ። ከሥር አንዲት ጥቁር ማህደር ቀረች፤ ውስጧ ሦስት ቦታ የተቆራረጠ የብር ቱቦ ነበረ። ሌላ ፈላጊ ስላልነበራት ለንሳ ወሰደቻት።

"ዋሽንት ናት?" አለ ጂራ በቀጣዩ ዓርብ።

"ፍሉት ነው የሚባለው፣ አባዬ።"

"እንግዲያው የብረት ዋሽንት ናታ" አለ፤ እስከ ዛሬም የሚጠራት እንዲያው ነው።

ኦቦ ጋዲሳ ፍሉት መንፋት አይችልም ነበር። ኖታ ማንበብ ግን ይችላል። "ሒሳብ ነው፤ ክፍልፋይ የገባው ሰው ኖታ አያቅተውም" ብሎ አስተማራት። የቀረውን ከሣጥኑ ጋር ከመጣ ባለ ሥዕል መጽሐፍ እያየች ለመደችው። በመጀመሪያው ወር ቤቱ ውስጥ የሚሰማው እንደ ፈላ ጀበና ያለ ፉጨት ነበር። ባየሽ ከምሽት ተረኝነት ወጥታ ስትተኛ ለንሳ ጓሮ ካለው የእህል ጎተራ ውስጥ ገብታ ትነፋለች። አንድ ቀን ከአንደኛው ቁልፍ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ተቀደደና ልጅቷ አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ አበጠ። ባየሽ ጤና ጣቢያ ቁስል የምታሽግበትን ስስ ፕላስተር በመቀስ ክብ አድርጋ ቆረጠችና ለጠፈችላት። ለፍሉቷ ብላ አልነበረም፤ ለቅሶው እንዲቆም ብላ ነበር። ሽፋኑ ግን ሁለት ዓመት ሠራ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ለንሳ ሕክምና የሚያስገባ ነጥብ አገኘች። ባየሽ ለባልደረቦቿ ለስላሳ ገዝታ ስትገባ ልጅቷ ቁጭ ብላ ስትጠብቃት አገኘቻት።

"አዮ፣ አዲስ አበባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ልፈተን ነው።"

"ለጨዋታ ነው?"

"ለሥራ ነው። ፍሉት ነፊ መሆን ነው የምፈልገው።"

"ፍሉት ነፊ! ለማን ነው የምትነፊው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ? እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት ፍሉት ነፊ አጣሁ ብሎ ጤና ጣቢያ የመጣ ሰው አላየሁም።"

ሦስት ቀን ሁለቱም እንደ ጎረቤት ብቻ ተነጋገሩ። ዓርብ ጂራ መጣ፤ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ነገሩን ከሁለቱም ወገን ሰማና፣ "እስቲ ንፊልኝ" አላት። ነፋችለት። ጨርሳ ፍሉቷን ስታወርድ ጂራ የተመለከተው ሚስቱን ነበር።

"ባየሽ፣ ይቺ ልጅ ሌላ ነገር ስትሠራ እንዲህ ቀጥ ብላ ስትቆም አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"መቆም ሥራ ነው እንዴ?"

"አንቺም እኮ ስታዋልጂ እንዲህ ነው የምትቆሚው።"

ባየሽ ተናደደች፤ የተናደደችውም እውነቱን ስለነገራት ነው። አንድ ዓመት ብቻ ሞክሪ፣ ካልሆነ ትመለሻለሽ ብላ ለቀቀቻት። ሻንጣዋን ያዘጋጀችላት ግን ራሷ ናት፤ ከላይ በኩል አንድ ጥቅል ፕላስተር አድርጋላት ነበር።

አዲስ አበባ የተቀበላት መምህር ጋሽ ማዕረግ ይባላል። ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ወጣት ሆኖ በቡልጋሪያ የተማረ ሰው ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ዜማ አላስነፋትም ማለት ይቻላል፤ ረጅም ድምፅ ብቻ፣ አንዱን ድምፅ ይዞ መቆየት። ለንሳ ስልክ ስትደውል ባየሽ "ዛሬ ምን ተማርሽ?" ትላታለች፤ "ትንፋሽ" ትላለች። በሚቀጥለው ሳምንት "ዛሬስ?" ስትላት "ያንኑ።" ባየሽ ስልኩን ዘግታ፣ "ትንፋሽማ እኔም በነጻ አስተምርሽ ነበር" እያለች ትስቅ ነበር፤ ምጥ የያዛትን ሴት ሁሉ የምታስተምረው እሱን ነውና።

አንድ ዓመት የተባለው አምስት ሆነ፤ አንዱ በኮሮና ምክንያት እቤት ጎተራ ውስጥ ያለፈ ነው። በ2014 ተመረቀች። ከዚያ በኋላ ኑሮዋ መሮጥ ሆነ። ጠዋት አንድ የውጭ አገር ሰዎች ትምህርት ቤት ውስጥ ሕፃናት ታስተምራለች፣ ቅዳሜ ሠርግ ላይ ትነፋለች፣ ኦርኬስትራ ተጨማሪ ሰው ሲጎድለው ትጠራለች። ባየሽ አንድ ጊዜ ልትሰማት አዲስ አበባ ሄዳ ነበር። ከምሽት ተረኝነት ወጥታ በቀጥታ አውቶቡስ ስለተሳፈረች፣ ሙዚቃው ቀስ ያለው ክፍል ላይ ሲደርስ አንገቷን ደፍታ እንቅልፍ ወሰዳት። ሲጨበጨብ ደንግጣ ነቃች፣ ከሁሉም በላይ አጨበጨበች። ለንሳ ከመድረክ ላይ ሆና ሁሉንም አይታለች። ወደ ቤት ሲመለሱ፣ "ደስ የሚል ነበር" አለቻት ባየሽ።

"የትኛው ክፍል፣ አዮ?"

"ጭብጨባው።"

ለንሳ መንገድ ላይ ቆማ ሳቀች። ባየሽ ግን በዚያ ቀን እስከ ዛሬ ታፍራለች፤ ልጇ ስድስት ወር የለፋችበትን ነገር እኔ ተኛሁበት እያለች።

በ2016 መስከረም አንድ የአዲስ አበባ ኦርኬስትራ የመጀመሪያ ፍሉት ነፊውን መቀመጫ ለውድድር አወጣ። አገሪቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ወንበር በጣት የሚቆጠር ነው። ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለንሳ ፀጥ ባለ ቦታ ልለማመድ ብላ ጊንጪ መጣች። በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከገበያ በባጃጅ ስትመለስ ከፊት የመጣ የበቆሎ ጭነት መኪና መንገዱን ሞላው። ባጃጁ ሊሸሽ ሲል ቦይ ውስጥ ገብቶ ተገለበጠ። ሾፌሩ ክርኑ ተላጠ። ለንሳ ፊቷን የባጃጁ ብረት መታት።

ሰዎች ደግፈው ጤና ጣቢያ ሲያስገቧት ባየሽ ኮሪደሩ ላይ ካርድ እያነበበች ነበር። መጀመሪያ ያየችው ነጠላውን ነው፤ የራሷ ነጠላ ነበር፣ ጠዋት ያዋሰቻት፣ ደም በደም ሆኗል። ነጠላውን ከአፏ ላይ ቀስ ብላ አነሳችው። ጥርሶቿ ደህና ነበሩ። የላይኛው ከንፈሯ ግን ከመሀል ትንሽ ወደ ግራ፣ ከቀዩ ጀምሮ እስከ ቆዳው፣ ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

ተረኛው የጤና መኮንን ቦንሳ ወጣት፣ ቀልጣፋ ሰው ነው። "ወደ አምቦ ሆስፒታል እንላካት" አለና ደወለ። ቀዶ ሐኪሙ ከባድ ሕመምተኛ ላይ ገብቷል፣ እስከ ማታ አይወጣም ተባለ። ከንፈር ደግሞ አይጠብቅም፤ ሲያብጥ መስመሩ ይጠፋል። ቀዩና ቆዳው የሚገናኙበት መስመር የፀጉር ስፋት ያህል ከተዛነፈ ዕድሜ ልክ እንደዚያው ይቀራል።

"እኔ እሰፋዋለሁ" አለ ቦንሳ። "አንቺ እናት ነሽ፣ ሲስተር፣ ውጪ ቆዪ።"

ባየሽ ወደ በሩ ዞረች። ለንሳ እጅጌዋን ያዘቻት። መናገር አልቻለችም፤ ከጉሮሮዋ የወጣው "አዮ" ብቻ ነው፤ ጣቷን ግን ወደ እናቷ ደረት ጠቆመች።

ቦንሳ አያት፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እውነቱን ልንገርሽ፣ የኔ እጅ የለመደው እግርና ክንድ ነው። እዚህ ቤት ካንቺ የተሻለ የሚሰፋ የለም" አለ።

ባየሽ እጇን ታጠበች። ከወትሮው አስረዝማ ታጠበች። ማደንዘዣው ከንፈሩን ከማሳበጡ በፊት፣ ጂቪ በሚሉት ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት በመርፌ ጫፍ ሁለት ነጥቦች አደረገች፤ አንዱን ከቁስሉ ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ፣ ልክ መስመሩ ላይ። ለሕፃናት የሚቀመጠውን ቀጭኑን ክር አስመጣች። ከዚያ ማደንዘዣውን ወጋችና ጠበቀች።

"ህን ሶዳቲን" አለቻት፤ አትፍሪ ማለቷ ነው። "ዓይንሽን ጨፍኚ። በአፍንጫሽ ሳቢ። ያዢው። ቀስ ብለሽ ልቀቂ። እንደ ጋሽ ማዕረግ፣ ያንን አንዱን ረጅም።"

የመጀመሪያውን መርፌ ሁለቱ ሐምራዊ ነጥቦች ላይ አሳለፈች። ሲገጥሙ ነጥቦቹ አንድ ሆኑ። የቀረው ከውስጥ ወደ ውጪ ነበር፤ አሥራ አንድ ስፌት፣ አርባ ደቂቃ። ቦንሳ መብራቱን ይዞላት ቆመ። ጨርሳ ክሩን ስትቆርጥ እጇ እንደ ድንጋይ የጸና ነበር። ከዚያ ጓንቷን አውልቃ የሠራተኞች ክፍል ገባች፤ ደም የነካውን ነጠላዋን ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈችው።

ማታ ቤት ሲገቡ ለንሳ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ጽፋ አሳየቻት። "ይነፋል?"

ባየሽ ለሕመምተኛ ዋሽታ አታውቅም። "ይበላል፣ ይስቃል፣ ይስማል" አለቻት። "መንፋቱን አላውቅም።"

የፈተናው ቀን መጥቶ አለፈ። ወንበሩን ሌላ ሰው አገኘው። ለንሳ ለዚያ ሰው የእንኳን ደስ አለህ መልእክት ላከችለት፤ አብረው የተማሩ ነበሩ። ባየሽ ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ደቂቃ ጠባሳውን በቫዝሊን ታሸዋለች፤ ጠባሳ ካልታሸ ይደርቃል። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ለንሳ ፍሉቷን አነሳች። የወጣው አየር ብቻ ነበር፤ በር ሥር እንደሚገባ ነፋስ። ሞከረች፣ ሞከረች። የከንፈሯ ግራ ጎን የሌላ ሰው ከንፈር ይመስል አልታዘዝ አላት። ፍሉቷን ፈታታ ማህደሯ ውስጥ አስገባችና አልጋ ሥር ገፋቻት። ሳታለቅስ እንዲያ ማድረጓ ባየሽን አስፈራት። በበነጋው ሳትነግራት ለጋሽ ማዕረግ ደወለች።

ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣ። ለንሳ በሩ ላይ ስታየው በእጇ አፏን ሸፈነች። እሱ እጇን ቀስ ብሎ አወረደና ወደ መስኮቱ ወስዶ ጠባሳውን መረመረው። ባየሽ ከኋላው፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቆማለች።

"ማን ነው የሰፋው?"

"እኔ ነኝ።"

ዞሮ አያት። "መስመሩ አልተዛነፈም። እግዚአብሔር እጅዎን ይባርክ።"

"ታዲያ ለምንድን ነው የማይነፋው?"

"መሀሉ ትንሽ ጠንክሯል፤ አየሩ እዚያ ይበተናል። መሀል ላይ የግድ መሆን የለበትም። ከመሀል ፈቀቅ አድርገው የሚነፉ ታላላቅ ነፊዎች አሉ።" ለንሳን ፍሉቷን እንድታወጣ አዘዛትና፣ የሚነፋበትን ቀዳዳ ከጠባሳው ወደ ቀኝ፣ የበቆሎ ፍሬ ያህል ፈቀቅ አደረገላት። አየር ወጣ። እንደገና። አየር። በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ላይ፣ ከአየሩ ውስጥ አንዲት ቀጭን ድምፅ ብቅ ብላ ጠፋች።

"ሰማችሁ?" አለ ጋሽ ማዕረግ።

"አልሰማሁም" አለች ለንሳ።

"እኔ ሰምቻለሁ" አለች ባየሽ።

ምሳ ላይ መምህሩ ባየሽን ለብቻዋ አናገራት። "ለንሳ አሁን ጆሮዋን አታምነውም፤ ጥሩ ሲወጣላትም መጥፎ ይመስላታል። እርስዎ አጠገቧ ተቀምጠው ይስሙላት። አየር ሲሆን አየር፣ ድምፅ ሲሆን ድምፅ ይበሉ። ሌላ ነገር አይጨምሩ።"

"እኔ ሙዚቃ አላውቅም እኮ። አንድ ጊዜ ሄጄም ተኝቻለሁ።"

"የፅንስ ልብ ትርታ በዚያች መለከት በምትመስል ቱቦ አይሰሙም?"

"እሰማለሁ።"

"ከዚያ የባሰ አይከብድም" አላት።

እንዲህ ሆኖ ሲስተር ባየሽ በሃምሳ አንድ ዓመቷ መስማት ተማረች። ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ለብ ባለ ውኃ ነክራ ትቀመጣለች፤ ለንሳ ትነፋለች። "አየር። አየር። ድምፅ። አየር።" ጥር እንዲህ አለፈ። በየካቲት "ድምፅ" የሚለው በዛ። በመጋቢት ባየሽ ትእዛዙን እየጣሰች ሌላ ነገር መጨመር ጀመረች፤ "ይሄኛው ከታች ወፍራም ነው፣ ከላይ ቀጠነ"፣ "መጨረሻው ላይ ዘንበል አለ"። ለንሳ ትከራከራታለች፣ ከዚያ ደግማ ስትነፋው ትክክል ሆኖ ታገኘዋለች። ጂራ ከባኮ ሲመጣ ሁለቱን እንዲያ ሲጨቃጨቁ አግኝቶ፣ "ሁለት ነፊ ያለው ቤት ገባሁ" አለ።

በትንሣኤ ሰሞን ለንሳ ለንስሐ መዝሙር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነፋች፣ ከአደጋው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት። ኦቦ ጋዲሳ ከመዘምራኑ ፊት ቆሞ ምልክት መስጠቱን ረስቶ ያዳምጥ ነበር። ድምፁ እንደ ድሮው አልነበረም። ድሮ የሚያብረቀርቅ ነበር፤ አሁን ትንሽ ጠቆር፣ ሞቅ ያለ ሆኗል። የትኛው እንደሚሻል ሰዎች እስከ ዛሬ አይስማሙም። ባየሽ የአሁኑን ትመርጣለች።

በ2017 ጥቅምት ያ ኦርኬስትራ ሁለተኛ ፍሉት ፈለገ። ለንሳ ተፈተነች። ውጤቱ የተነገረ ቀን ለእናቷ ደጋግማ ደወለች፤ ባየሽ ግን መንታ እያዋለደች ስለነበር ስልኳ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ተንቀጥቅጦ ቀረ። ለንሳ ለአባቷ ደወለች። ጂራ በቆሎ ማሳ መሀል ቆሞ እንዲህ ብሎ ጮኸ ይባላል፣ "የብረት ዋሽንቷ ገባች!" ባልደረቦቹ ምን ገባ፣ የት ገባ እያሉ ሮጠው መጡ። ባየሽ ከወሊድ ክፍል ስትወጣ ቦንሳ ኮሪደሩ ላይ እየሳቀ ጠበቃት፤ ጂራ ለእሱም ደውሎለት ነበር።

"ሲስተር፣ ስፌትሽ ተቀጥሯል" አላት።

ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ውስጥ ያሉት መንታዎችም ያለቅሱ ነበር።

በዚያው ዓመት ግንቦት ከኦርኬስትራው አምስት ሰዎች አምቦ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ ዝግጅት አቀረቡ። ለንሳ ናት አገሬ ካልወሰድኳችሁ ብላ የጎተተቻቸው። አዳራሹ ሞላ፤ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ የዞኑ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች፣ ከጊንጪ በተከራዩት ሚኒባስ የመጡ መዘምራን። ባየሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ በጂራና በቦንሳ መሀል ተቀመጠች። ቦንሳ እንደዚህ ያለ ሙዚቃ በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም፤ ዓይኑን ከለንሳ ከንፈር ላይ አላነሳም።

ከአራተኛው ሥራ በኋላ ሌሎቹ መድረኩን ለቀቁ። ለንሳ ብቻዋን ቆመች፣ ቀጥ ብላ። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ጀርመን አገር ለአንድ ፍሉት ብቻ የተጻፈ ነው ብላ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ተናገረች፤ ከዚያ ነፋች። ሙዚቃው ከታች እየተነሳ ሲወጣ፣ ሲወርድ፣ እንደገና ሲወጣ፣ ባየሽ መተንፈሷን ረሳች። መሀል ላይ አንድ ቦታ እጇ የጂራን ክንድ ጨበጠ፤ ጂራ "ምነው?" ብሎ ሲያንሾካሹክ ዝም በል ብላ ቆነጠጠችው።

ሲያልቅ ሕዝቡ ተነሣ። ሴቶቹ እልል አሉ። ኦቦ ጋዲሳ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ነበር። ከዝግጅቱ በኋላ ባየሽ ከመድረኩ ጀርባ ስትገባ ለንሳ ፍሉቷን በጨርቅ እየጠረገች ነበር፤ ፊቷ በላብ ርሷል።

"እንዴት ነበር፣ አዮ?"

ባየሽ ልጇን አቅፋ ሳመቻት፤ ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ ከዚያም ጠባሳዋን። "አለቀስኩ" አለቻት። ከዚያ ጨመረች፣ "ብቻሽን ስትነፊ ግን፣ ወደ ላይ ስትወጪ ለሁለተኛ ጊዜ፣ ትንፋሽሽ አጠረ። ከዚያ በፊት ያለው ቦታ ላይ መውሰድ ነበረብሽ።"

ለንሳ ጨርቁን አስቀመጠች። ከጎኗ የቆመው ባለ ቫዮሊኑ ጓደኛዋ ማንም ያላስተዋለውን እንዴት አወቁት በሚል ዓይን ባየሽን አያት።

"ሰምተሻል?" አለች ለንሳ።

"ሰምቻለሁ።"

"በሚቀጥለው አስተካክለዋለሁ።"

"ነቀምቴ መቼ ነው?"

"የዛሬ ሳምንት።"

"እንግዲያው ረቡዕ ነይና እቤት እንየው" አለች ሲስተር ባየሽ፤ "ሐሙስ ተረኛ ነኝ።"